ቃጭል ያዘለው እባብ የሚኖርበት ምድር

በአሜሪካ የሚኖር ልጁን ወይም ወንድሙን ለመጠየቅ ወደ አሪዞና ክፍለ ግዛት የሄደ ሰው፥ ከፊኒክስ ከተማ ዳር ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ ቃጭል ያዘለው እባብ ከሚኖርበት ምድር ይደርሳል። ይህ እባብ በጭራው ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር የደረቀ፥ እርስ በርሱ የተያያዘ ቀለበት አለው፤ በተሸበረም ጊዜ ይህን እያርገፈገፈ በደረቅ ቅል ውስጥ እንዳለ ፍሬ ያንኮሻኩሸዋል። ለድመት ቃጭል ማን ያስርላት እንላለን፤ ለዚህ ግን አሳሪ አላስፈለገውም። የእኛ አገር እፉኝት ዘመዱ ቢሆንም ቃጭል የለውም፤ ባለ ቃጭሉ ወገን ከደቡብ ካናዳ እስከ አርጀንቲና ድረስ በአሜሪካ ምድር ብቻ ይገኛልና። ከዚህም ውስጥ 13ቱ ዓይነት በአሪዞና ይኖራል።

ብዙ ሰው ይህን እባብ ከአሸዋ በረሐ በቀር ሌላ አገር የሌለው አድርጎ ያስበዋል። በእርግጥ በዩማ አጠገብ ባለው ልል አሸዋ ላይ ከዓይኑ በላይ ቀንድ የመሰለ ቅርፊት ያለው አንድ ትንሽ ዓይነት ይኖራል፤ ሰውነቱን ወደ ጎን እየወረወረ ስለሚሄድም ዱካው የተነጣጠለ ሰያፍ መስመር ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ከሜክሲኮ ወሰን አጠገብ ባሉት ቀዝቃዛ ተራሮች፥ በባሉጥና በጥድ ዛፍ መካከል የሚኖርም አለ። አፍንጫው ሽቅብ የተቀለበሰው ይኸው ዓይነት፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የክፍለ ግዛቱ ምልክት ሆኖ ተመርጧል። መርዘኛ እባብን ለምልክት መምረጥ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው።

በጀርባው ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ትልቁ ዓይነት ደግሞ በቱሳን ከተማ ዙሪያ፥ ሳጉዋሮ የተባለው የእኛን ቁልቋል የሚመስል ረጅም እሾሃም ተክል በሚበቅልበት ድንጋያማ ቆላ ይኖራል። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከፀሐይና ከምድር ይበደራልና ኑሮው ሁሉ በዚሁ ይወሰናል። ክረምታቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ በአንድ የአለት ስንጥቅ ውስጥ ተሰብስበው ይከርማሉ፥ በየዓመቱም ወደዚያው ይመለሳሉ። በመጋቢት ወጥተው በስንጥቁ አፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። በሰኔ ቀትር ግን የጋለው መሬት ራሱን እባቡን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ቀን በአይጥ ጉድጓድ ወይም በቍጥቋጦ ጥላ ተሸሽጎ ይውላል፥ ማታ ይወጣል።

እንግዲህ ልጆች ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቃጭሉን ተማምኖ እንዳይራመድ። እባቡ ብዙ ጊዜ ቀለሙን ተመክቶ ጸጥ ብሎ ይተኛልና። እጅን ወደ አለት ስንጥቅ መስደድ፥ የእንጨት ክምር ሳያዩ ማንሣት፥ በበጋ ሌሊት ያለ መብራትና ያለ ጫማ መውጣት የተገባ አይደለም። አትክልት በሚጠጣበትና ጥራጥሬ በሚፈስበት ግቢ አይጥ ይበዛል፥ እባቡም አይጡን ተከትሎ ይመጣል። የነደፈው ሰው ቢኖር ቍስሉን አይብጡ፥ አይምጠጡ፥ በገመድም አይሰሩ፤ ቀለበቱንና ሰዓቱን እብጠት ሳይዘው አውልቀው፥ ወዲያው 911 ደውለው ማርከሻው መድኃኒት ወዳለበት ሆስፒታል ያድርሱት።