«ለእኔ ስትይ»

ቢሮ የምትውሉ ወዳጆቼ፣ የምግብ ፈተና ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ምላስ ነው። «ጣፋጭ ይወዳል»፣ «ሆዱን ማሸነፍ አቃተው» እንባባላለን። የእናንተን አላውቅም፤ እኔ በምሠራበት ቢሮ ግን ቦምቦሊኖው ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ያን ያህል አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ ቦምቦሊኖውን የያዘው እጅ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደምጠነቀቅ ልንገራችሁ። የዛሬ ዓመት ገደማ በባዶ ሆዴ የተለካው የደም ስኳሬ 114 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ በወረቀት ጻፈችልኝ፦ ከ100 በታች ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 የበሽታው ደጃፍ፣ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራም ከታየ የስኳር በሽታ። እኔ ደጃፉ ላይ ነኝ። አባቴ ወደ ውስጥ ከገባ 11 ዓመቱ ነው። ኢንሱሊኑ በፍሪጃችን በር ላይ ከእንቁላሉ አጠገብ ይቀመጣል። የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ተቆርጣለች። ጠዋት ጠዋት ጫማውን ከማድረጉ በፊት እጁን አስገብቶ ይዳብሳል፤ ጠጠር ቢኖርበት እግሩ አይነግረውምና። ይህን በየቀኑ እያየሁ ነው ከቤት የምወጣው።

ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው መመለስ እንደሚችል ደግሞ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ አንድ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት እንደ እኔ ያሉ ሰዎችን ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሎ ነበር። አመጋገባቸውን አስተካክለው፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል እየተንቀሳቀሱ፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስ የተጉት ሰዎች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ወደ በሽታው የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ተስፋ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ችግሩ፣ የጥናቱ ሰዎች ከእኔ የሥራ ባልደረቦች ጋር ምሳ አይበሉም።

እስቲ የቢሯችንን አንድ ቀን አብረን እንቁጠር። አራት ሰዓት ላይ ማዘር ሻይ ይዘው ይዞራሉ፤ ስኳሩ ከወዲያው ገብቶበት ነው የሚመጣው፣ ሦስት ማንኪያ። አሥር ሰዓት ላይ ቡና አለ፤ ሁለት ስኒ፣ በየስኒው ሁለት ማንኪያ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፤ እስካሁን 28 ደረስን። ምሳ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከተጨመረ ከ30 ግራም ያላነሰ ይዞ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዐዋቂ የሚመክረው ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ነው፤ ቢቻልም ወደ 25 ቢወርድ። እኛ ቦምቦሊኖውን ሳንቆጥር አልፈነዋል። የልደት ኬክ ያለበት ቀን ሲሆን ደግሞ መቁጠሩንም ተዉት። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ኬክ የማይቆረጥበት ወር የለም።

ይህ ሁሉ ግን ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ሥራዬ ስለሆነ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ «ለእኔ ስትይ» የምትለዋ ቃል ናት። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ቅመሺልኝ ብቻ»። በእኛ አገር ምግብ የሚቀርበው ከሰውየው ጋር ነው። ሳህኑን መለስ ብታደርጉት ሰውየውን የመለሳችሁት ይመስላል። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ 9 ኪሎ ስጨምር ባልደረቦቼ «አማረብሽ! ሥራው ተስማማሽ!» ነበር ያሉኝ፤ ከልባቸው ነው። ታዲያ ለዚህ ሰው ምን ብዬ ነው እምቢ የምለው?

አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ረቡዕና ዓርብ ኦርቶዶክስ ባልደረቦቼ «ጾም ነኝ» ሲሉ የሚያስገድዳቸው የለም። በረመዳን ሙስሊሟ ጓደኛችን «ጾም ነኝ» ስትል ስኒው ራሱ አቅጣጫውን ይቀይራል። አንዲት ቃል ናት፤ ክብር አላት፤ ማንም አይቀየምባትም። «ስኳር ልቀንስ ነው» የሚለው ግን እንዲህ ያለ ክብር የለውም። «ዛሬ ብቻ!» የሚል መልስ ነው የሚያመጣው። እኔ ደግሞ የቢሮው ጴንጤ ስለሆንኩ ረቡዕን ተገን ማድረግ አልችልም፤ እውነት ስላልሆነም አልፈልግም። «ሐኪም ከልክሎኛል» የምትለዋም አጓጉታኝ ነበር፤ ሐኪሟ ግን መከረችኝ እንጂ አልከለከለችኝም። ደግሞም ሕመም መሆኑ ከተሰማ ቢሮው በሙሉ ሐኪም ይሆናል፤ አንዱ አብሽ በጥብጠሽ ጠጪ ይላል፣ ሌላዋ ሞሪንጋ ታመጣለች።

የኅብረታችን ልጆች «የዳንኤልን ምግብ ጀመርሽ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ዳንኤል የንጉሡን መብል የተወው እንዳይረክስ ነው እንጂ ኪሎ ሊቀንስ አልነበረም፤ ያንን ምዕራፍ የአመጋገብ መመሪያ ሲያደርጉት ደስ አይለኝም። (በነገራችን ላይ ዳንኤልና ጓደኞቹ በአሥሩ ቀን መጨረሻ የታዩት ወፍረው ነው!) እኔን የሚገርመኝ እምቢ ያለበት መንገድ ነው። የጃንደረቦቹ አለቃ ንጉሡን እፈራለሁ ሲለው የዚያን ሰው ፍርሃት አልናቀም። በእነርሱ ላይ ወደ ተሾመው ሰው ሄዶ፣ ለአሥር ቀን እንዲሞክራቸውና ራሱ አይቶ እንዲፈርድ ለመነው። ሳህኑን በሰው ፊት አልገፋም፤ አቅራቢውን ነው ያነጋገረው።

እኔም ማዘርን ብቻቸውን አገኘኋቸው። በሰው መሐል ቢሆን ሻያቸውን ያጣጣልኩባቸው ይመስላቸው ነበር። የምሳ ዕቃ የሚያጥቡበት ክፍል ገብቼ ስለ አባቴ ጣትና ስለ ጫማው ነገርኳቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ዝም አሉ። ቀጥሎ የታላቅ ወንድማቸውን ነገር አወሩልኝ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ከማግስቱ ጀምሮ የእኔ ሻይ ለብቻው ይመጣል፤ ስኳር የለውም፣ ቅርንፉድና ቀረፋው ግን በዝቷል። አሁን ማንም «ለእኔ ስትይ» ሲለኝ ከእኔ ቀድመው የሚቆጡት እሳቸው ናቸው። «እሷን ተዉአት!» ይላሉ፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገሩም።

ለኬኩ ሌላ ዘዴ አለኝ፤ ውሰዱት። ቢላዋውን የምይዘው እኔ ነኝ። የሚቆርስና የሚያድል ሰው ሥራ ላይ ስለሆነ አይለመንም፤ ሁሉም ከእጄ ስለሚቀበል አብሬ አልቆምሽም የሚለኝ የለም። መሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ የገብስ ቆሎ ከሽምብራና ከሱፍ ጋር አለ። አራት ሰዓት ሲሆን እኔም ይዤ እዞራለሁ። ተቀባይ ብቻ ሳልሆን ሰጪም ስሆን እምቢታዬ ይቀልላል፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ይሠራል።

ምሳ ግን አሁንም ከባድ ነው። ከአንድ ትሪ ስድስት ሆነን ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ የለም። ረቡዕና ዓርብ በጎመኑና በምስሩ በኩል እቀመጣለሁ፤ ጭማሪ እንጀራ ሲመጣ እጄን እታጠባለሁ። ደመወዝ የወጣ ቀን ክትፎ ይታዘዝና አለቃችን ማጉረስ ይጀምራሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ተዘርግቶ እያለ አፌን የምዘጋበት አንጀት የለኝም፤ እንዲኖረኝም አልፈልግም። አንዷን እቀበላለሁ። «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛዋን ሲጠቀልሉ እቀድማቸውና እኔ አጎርሳቸዋለሁ። ትሪው ዙሪያ ሳቅ ይሆናል፤ ሁለተኛዋም ወደ ሌላ ሰው ትሄዳለች።

ባለፈው ወር የተለካው 103 ነበር። ከደጃፉ ገና አልወጣሁም። ሐኪሟ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ ብላኛለች።

ከትናንት በስቲያ ሁሉም ከወጣ በኋላ ያቺ «አማረብሽ» ያለችኝ ባልደረባዬ ቦርሳዋን እንደያዘች ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ማዘር አንድም ቃል እንዳልነገሯት እርግጠኛ ነኝ፤ ስኳር የሌለውን ሻዬን ግን ለወራት ስታየው ከርማለች። በሩን መለስ አደረገችና እናቷ በምን እንደሞቱ ነገረችኝ። ከዚያም «ምርመራው በባዶ ሆድ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልንገናኝ ተቀጣጥረናል፤ ቁርስ ሳንበላ።