የጣና ዳርቻ ወሰንተኛ ማን ነው?

ከ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የሀገሩ ወሬ ሁሉ ባሕር ባሕር ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት ወር የቀይ ባሕርን ጉዳይ በአደባባይ አነሱ። ታኅሣሥ 22 ቀን ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ "20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ፣ ለ50 ዓመት" የሚለው ቁጥር ከአፍ አፍ ዞረ። ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ወደብ ከማን፣ በምን ዋጋ፣ በማን ፈቃድ?

"በማን ፈቃድ" የሚለው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚገርመው ሀገሪቱ በእጇ ስላለው ዳርቻ ይህን ጥያቄ እምብዛም አለመጠየቋ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ላይ ሆቴል ይሠራል፣ ሎጅ ይሠራል፣ የጀልባ ማረፊያ ይሠራል፣ በጎርጎራ ደግሞ በ"ገበታ ለሀገር" ትልቅ ሪዞርት ተገንብቷል። ይህ ሁሉ የሚያልፍበት በር አንድ ነው፤ ፈቃድ። ፈቃዱ ማንን ይጠይቃል? ማንንስ ሳይጠይቅ ያልፋል?

ነገሩን ለማየት አንድ ሰው ይታሰብ። እብናት ተወልዶ ያደገ፣ አዲስ ዘመንና ወረታ ላይ እህል ሲነግድ ኖሮ ጥሪት የቋጠረ። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ሎጅና የጀልባ ማረፊያ ሊሠራ አስቧል። ይህ ሰው በስም የለም፤ ግን እንደሱ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ የኢንቨስትመንት ቢሮ ይሄዳል። ቀጥሎ የመሬት ጥያቄ ያቀርባል። ከዚያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ጥናት አምጣ ይባላል። ጥናቱን የሚሠራለት አማካሪ ይቀጥራል፣ ሰነዱ ተጠርዞ ይቀርባል፣ መልስ ይጠብቃል። ሲሳካለት ውል ይፈርማል፣ የግንባታ ፈቃድ ያወጣል። ፍሳሽ ወደ ውኃ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ሌላ ፈቃድ ይጠይቀዋል። ያው አዋጅ የውኃ አካላት ዳርቻ እንዲከለልና በክልሉ ውስጥ ዛፍ መቁረጥና የመኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል የሚያስችል ሥልጣንም ሰጥቷል።

በዚህ ሁሉ መሃል ዋናው ሰነድ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ነው። መሠረቱ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ ሲነበብ አያሳፍርም። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይፈቀድለት ሥራ መጀመር እንደሌለበት፣ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም ይህን ሳያረጋግጡ የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ መስጠት እንደሌለባቸው ይደነግጋል። የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። "የፕሮጀክት ባለቤት" ሲል ግለሰብን ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ሲገነባ መንግሥትም ባለቤት ነው፣ ግዴታውም በእሱ ላይ ነው።

ችግሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ጊዜው። መርማሪው አካል ውሳኔውን በ15 የሥራ ቀናት እንዲሰጥ ተቀመጠ። ባለሀብትን ላለማንገላታት የታሰበ በጎ ገደብ ነው። ግን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ አንድ ጥራዝ ሰነድ መርምሮ፣ ቦታው ድረስ ወርዶ፣ ሰውን ሰብስቦ ማዳመጥ ምን ያህል ይቻላል?

ሁለተኛ፣ ቅጣቱ። ሳይፈቀድለት የጀመረ ወይም በጥናቱ ውስጥ ሐሰት ያቀረበ ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንዲቀጣ አዋጁ ሲወጣ ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. 100,000 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ በሚሊዮኖች ብር ሎጅ ለሚያቆም ሰው ግን ቅጣት ሳይሆን እንደ አንድ የወጪ ዓይነት የሚመዘገብ ነው።

ሦስተኛ፣ ዳኛው። በአንድ ወቅት የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሰነድ የመመርመር ሥልጣኑን ለተለያዩ የዘርፍ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና ሰጥቶ ነበር። ያም ማለት አንድን ዘርፍ እንዲያስፋፋ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት፣ የዚያኑ ዘርፍ ፕሮጀክት ጉዳት እንዲመዝን ተደረገ። ራሱ ከሳሽ ራሱ ዳኛ ከሚባለውም ይብሳል፤ እዚህ ጭራሹን ከሳሽ የለም።

አራተኛውና ትልቁ ግን ጥናቱ የት ድረስ ያያል የሚለው ነው።

በአማራ ክልል ገጠር ያለ ገበሬ ሁሉ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ያውቀዋል። ደብተሩ ላይ መሬቱ በምሥራቅ ከማን፣ በምዕራብ ከማን፣ በሰሜንና በደቡብ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ይጻፋል። ወሰንተኛ ሳይጠራ ወሰን አይለካም። ያ ነጋዴ እቅዱን ለአጎቱ ቢነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይኸው ይሆናል።

"አንተ ልጅ፣ ወሰንተኞችህን ጠየቅህ ወይ?"

"አዎ ጋሼ። በአንድ በኩል መንገድ ነው፣ በአንድ በኩል የቀበሌው ግጦሽ፣ በወዲያ ደግሞ ሐይቁ።"

"ሐይቁስ ከማን ጋር ነው የሚዋሰነው?"

ለዚህ ጥያቄ በፈቃድ ማመልከቻው ላይ ቦታ የለውም። መልሱ ግን ከእብናት ደጃፍ ይጀምራል። ርብ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነስቶ፣ የፋርጣንና የእብናትን ተዳፋት አጥቦ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ተንጣልሎ ጣና ይገባል። ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራና ከመገጭ ጋር ሐይቁን ከሚመግቡት አራት ዋና ዋና ወንዞች አንዱ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ርብ ግን ማደሪያ አለው፣ ማደሪያውም ጣና ነው። ይዞት የሚመጣው የእብናት አፈር እዚያው ያድራል።

ጣና ደግሞ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም። ደለል ሲገባበት ይሰማዋል። ከእርሻና ከከተማ የሚመጣው ንጥረ ነገር ሲበዛበት ደግሞ እምቦጭን ይቀልባል። አረሙ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ገበሬው በእጁ ሲነቅል፣ ዲያስፖራው ለማሽን ገንዘብ ሲያዋጣ፣ ተማሪው በዘመቻ ሲወርድ ዓመታት አለፉ። በዳርቻው የሎጅ መስኮት ከፍቶ ሐይቅ የሚያሳይ ባለሀብት የሚያሳየው እምቦጭ ከሆነ ኪሳራው የራሱ ነው። ስለዚህ ስለ ላይኛው ተፋሰስ መጠየቅ ባለሀብቱን የማስቸገር ጉዳይ ሳይሆን ንብረቱን የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

"ዳርቻ" የሚለው ቃል ራሱም ሲጠጉት ይንሸራተታል። በ1988 ዓ.ም. አካባቢ ጨረጨራ ላይ መቆጣጠሪያ ከተሠራ ወዲህ ሐይቁ የሚወጣው ውኃ በሰው እጅ ነው። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ሲመረቅ ሌላ መውጫ ተጨመረለት። በ1995 ዓ.ም. ውኃው ክፉኛ ዝቅ ብሎ መርከብ ቆሞ ነበር፤ ገበሬውም የሸሸውን ውኃ ተከትሎ አረሰ። የአካባቢው ሰው "ባሕር ሸሽ" የሚለው መሬት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የጋራ ወይም በማንም ደብተር ላይ ያልሰፈረ ነው፤ በካርታ ሲታይ ባዶ ይመስላል፣ ሰው ግን ይበላበታል። ባለሀብት "ነጻ መሬት" ተብሎ የሚመራው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ወዳለው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1161 ለተነሺ ገበሬ ካሳውን አሻሽሏል፤ ቀድሞ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ይባዛ የነበረው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ ገቢ በ15 እንዲባዛ አድርጓል። መልካም ነው። ግን ካሳ ለይዞታ ነው። ደብተር የሌለው ባሕር ሸሽ ምን በምን ይባዛል?

ወደ እብናት እንመለስ። በእብናትና በፋርጣ መካከል የርብ ግድብ ተገትሯል። ቁመቱ 73 ሜትር ገደማ፣ የሚይዘው ውኃ ወደ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ። ውኃው የሚተኛበት መሬት የነበራቸው ተነስተዋል፤ ውኃው እንዲያጠጣ የታሰበው ግን ታች ያለውን የፎገራና የሊቦ ከምከም ሜዳ ነው። እብናት በሴፍቲኔት ከሚታቀፉት የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች አንዷ ናት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ በቅጡ የማይነገር ሒሳብ አለ። በየዓመቱ ከመኸር በኋላ የእብናት ገበሬ እርከን ለመሥራት ይወጣል። አንዱ በነጻ የሕዝብ ተሳትፎ፣ ሌላው ለሴፍቲኔት እህል ወይም ብር ሲል። ድንጋይ ይክባል፣ ጎርፍ ያግታል። ያ እርከን የገበሬውን ማሳ ይጠብቃል፤ ከዚያ አልፎ ግድቡን ከደለል፣ ጣናን ከመሞላት፣ የዳርቻውን ሎጅ ከኪሳራ ይጠብቃል። የሀገሪቱ ድሃ ወረዳ ለሀገሪቱ ውድ መሬት በነጻ ዘብ ቆሟል ማለት ነው። በዳርቻው ፈቃድ ላይ ግን ስሙ የለም፤ ከሊዙም ከገቢውም አምስት ሳንቲም ወደ ተዳፋቱ አይወጣም።

ሰው ሳይጠየቅ ሲወሰንበት ምን እንደሚመስል ደግሞ እብናት ከማንም በላይ ታውቃለች። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. በረሃብ ተሰድደው እብናት የእርዳታ ጣቢያ የተጠለሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በወታደር ተበትነዋል፤ ጎጇቸው ተቃጥሏል። ያ ዘመን ሌላ ነበር፣ ጉዳዩም ሌላ። "ለሕዝቡ የሚበጀውን እኛ እናውቃለን" የሚለው አስተሳሰብ ግን ከዘመኑ ጋር አብሮ አልተቀበረም።

የጎረቤት ምሳሌም አለ፤ ያውም ኢትዮጵያን በሚነካ ቦታ። የኬንያ ላሙ በላፕሴት ፕሮጀክት ለኢትዮጵያም ወደብ እንድትሆን የታቀደች ናት። በ2010 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወደቡ ሲሠራ ኑሯቸው ለተነካ የላሙ ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ መድረኩ በዚያው ዳርቻ ሊሠራ የነበረውን የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ፈቃድ ሰረዘ። አንዱ ዋና ምክንያት ሕዝቡ በወጉ አለመጠየቁ ነበር። ፈቃድ ነበረው፣ ገንዘብ ነበረው፣ የመንግሥት ድጋፍም ነበረው። ወሰንተኛው ስላልተጠራ ወረቀቱ ፈረሰ። ኩባንያው መጀመሪያውኑ ቢጠይቅ ኖሮ የባከነው ዓመትና ገንዘብ ባልባከነ ነበር።

አሁን ተቃውሞው ይሰማ። "ክልሉ በግጭት ደቋል፣ ቱሪስት ጠፍቷል፣ ወጣቱ ሥራ የለውም፤ በዚህ ጊዜ ለሚገነባ ሰው መንገድ ይጠረጋል እንጂ ሌላ መሥሪያ ቤት ይጨመርበታል ወይ?" እውነት አለው። ያ ነጋዴ ቀድሞውኑ ከቢሮ ቢሮ ተንከራቷል። ለአንድ ፊርማ ስንት ቀን እንደሚመላለስ፣ "ነገ ና" ስንቴ እንደሚባል የቀመሰ ያውቀዋል። ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ እጅ መንሻ የሚፈልግ የለም።

የሚያስፈልገው ሌላ ማኅተም ሳይሆን በያዘው ማኅተም ፊት የሚጠየቀው ጥያቄ መቀየሩ ነው። ሦስት ነገር ይበቃል።

ጥናቱ በአማርኛ ይጻፍ፣ አጭር ይሁን፣ በቀበሌው ይለጠፍ፤ ሰው በሚሰበሰብበት ቀን ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሰነድ "ለሕዝብ ክፍት ነው" የሚባለው አንድ መደርደሪያ ላይ ስለተቀመጠ አይደለም። ይህ ለነጋዴው ሎጅ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት ሪዞርትም ይሠራል፤ መንግሥት ቀድሞ የራሱን ሰነድ ቢያወጣ ሌላውን ለመጠየቅ አፍ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ የዳርቻ ፕሮጀክት ጥናት ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ ይውጣ። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ወደ 700,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት የታቀፈው ሐይቁ ለብቻው ስለማይድን ነው። ዓሣው እንኳ ይህን ያውቃል፤ በዓለም ላይ ጣና ብቻ የሚገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ሊራቡ ሲሹ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሽቅብ ይወጣሉ። ዓሣ የሚያውቀውን ወሰን የፈቃድ ሰነድ ሊያጣው አይገባም።

ሦስተኛ፣ ከዳርቻው ሊዝና ክፍያ ላይ ጥቂት ድርሻ ተቆርጦ እርከን ለሚሠሩት የላይኛው ተፋሰስ ገበሬዎች ይከፈል፤ እንደ ሥራ ዋጋ እንጂ እንደ ምጽዋት አይታይ። ያኔ ነጋዴውም ለአጎቱ የሚመልሰው መልስ ይኖረዋል።

ቀይ ባሕር ላይ ፈቃድ የሚሰጡትና የሚከለክሉት ሌሎች ናቸው፤ ነገሩ በሠላሳ መንግሥት ፊት የሚታይ ነው። የጣና ዳርቻ ግን የሚፈቀደውም የሚከለከለውም እዚሁ ነው፤ በወረዳ፣ በዞን፣ በክልልና በፌዴራል ጠረጴዛ ላይ። ቀጣዩ የዳርቻ ፕሮጀክት ሲበሰር፣ ሪባን ከመቆረጡና ፎቶ ከመለቀቁ በፊት፣ የሚጠየቀው ቀላል ነው፤ ጥናቱ የታለ? ማን አነበበው? ወሰንተኞቹ ውስጥስ እብናት አለች ወይ?