ጠያቂዋ ልክ ነበረች

ፊዚክስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ስለ ግንደ ቆርቁር የተሳሳተ ነገር አስተምሬያለሁ። አውቄ አልዋሸሁም፤ ማጣራት ስችል ግን አላጣራሁም። ከዚያም አልፎ ስህተቱን ያየችውን ተማሪ ዝም አሰኝቻታለሁ። ይበልጥ የሚከነክነኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

የሞመንተም ትምህርት ላይ ስደርስ፣ ግንደ ቆርቁር ግንድ ሲደበድብ ውሎ አንጎሉ የማይናጋው ለምን እንደሆነ እጠይቅና መልሱን ራሴው እሰጥ ነበር። በመንቁሩና በአንጎሉ መካከል ያለው ስፖንጅ መሰል አጥንት ምቱን ይውጠዋል፤ የራስ ቅሉን ዞሮ የሚያቅፈው የምላሱ አጥንትም አጥብቆ ይይዘዋል እል ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አጥንቱ ምቱን ከዋጠው እንጨቱን የሚፈለፍለው በምኑ ነው?» አለችኝ። «እሱን ሳይንቲስቶች አጥንተውታል፤ አንቺ ማስታወሻሽን ጻፊ» አልኳት። ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጇን ስታወጣ አላየሁም።

የነገሩ ቁልፍ ያለው ጥያቄዋ ውስጥ ነበር። መዶሻ ጫፉ በጎማ ቢለበጥ ጉልበቱን ጎማው ይበላዋል፤ ሚስማሩ አይገባም። ወፉም ምቱን የሚውጥ አጥንት ቢኖረው ያንኑ ጉድጓድ ለመፈልፈል አጥብቆ መምታት ግድ ይሆንበታል። አጥብቆ በመታ ቁጥር ደግሞ ከአንጎሉ ያራቀውን ጉዳት መልሶ ይጠራዋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የቤልጅየሙ አንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሳም ቫን ዋሰንበርግና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን ለክተው አሳዩ። የሦስት ዝርያ ግንደ ቆርቁሮችን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው፣ መንቁሩና አንጎሉን የያዘው የራስ ቅል ሲመቱ እንዴት እንደሚቆሙ አነጻጸሩ። የአጥንቱ ትራስነት አልታየም። ጭንቅላቱ አንድ ድፍን አካል ሆኖ ይመታል፤ አንድ ሆኖም ይቆማል።

ታዲያ አንጎሉ እንዴት ይተርፋል? ዋናው ምክንያት ትንሽነቱ ነው። አንጎል በድንገት ሲቆም የኋላው ክፍል በፊተኛው ላይ ይጫናል። የጫናው መጠን ከአንጎሉ እፍግታ፣ ከርዝመቱና ፍጥነቱ ከሚቀንስበት መጠን ጋር አብሮ ያድጋል። እፍግታው በሰውም በወፍም ተቀራራቢ ነው፤ ርዝመቱ ግን በእጅጉ ይለያያል። የሰው አንጎል 1400 ግራም፣ የግንደ ቆርቁር 2 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ የ700 እጥፍ የክብደት ልዩነት ወደ ርዝመት ሲመነዘር 9 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም እኩል በድንገት ቢቆሙ የወፉ አንጎል የሚሸከመው ጫና የእኛን አንድ ዘጠነኛ ያህል ነው። የኤም.አይ.ቲ. መሐንዲስ ሎርና ጊብሰን የአንጎሉን ትንሽነት እንደ አንድ ዋና ምክንያት የተነተኑት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እኔ የስፖንጁን ታሪክ ስተርክ ጽሑፋቸው ታትሞ ነበር። ባላነበውም እንኳ ለስሌቱ የሚያስፈልገው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ በገዛ እጄ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር።

የተሳሳትኩት የት ላይ እንደሆነ አሁን ይታየኛል። ስፖንጅ መሰሉ አጥንት በእርግጥ አለ፤ ረጅሙ የምላስ አጥንትም አለ። መኖራቸውን አይቼ ሥራቸውን ደመደምኩ። ታሪኩ ያምራል፣ ተማሪውም ይወደዋል፤ እኔም ስለወደድኩት አልመረመርኩትም። ወፉ ፈጽሞ አይጎዳም ማለቴም ችኮላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በግንደ ቆርቁሮች አንጎል ውስጥ ታው የተባለ ፕሮቲን ተከማችቶ አግኝቷል፤ በሰው ላይ ይህ ክምችት ከአንጎል ጉዳት ጋር ይያያዛል። በወፎቹ ላይ የጉዳት ምልክት መሆኑን ግን ጥናቱ አላረጋገጠም።

ስህተቱ ከክፍል ውጭም መዘዝ አለው። ኳስ በግንባራቸው ለሚገጩ ልጆች፣ ጥሩ ትራስ ካለ ራስ ሺህ ምት ይችላል የሚል እምነት ሰጥቻቸዋለሁ። ግንደ ቆርቁርን የሚጠብቀውን ትንሽነት ግን የሰው ልጅ ሊዋሰው አይችልም።

ያስተማርኳችሁ ሁሉ፣ ከእናንተ መካከል ዛሬ መምህራንና ወላጆች የሆናችሁ አላችሁ። የስፖንጁን ታሪክ ለሌላ ነግራችሁ ከሆነ እባካችሁ አርሙልኝ። አንቺ ደግሞ ያኔ ትክክለኛውን ፊዚክስ ይዘሽ የተነሳሽው አንቺ ነበርሽ፤ ያስቀመጥኩሽ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ይህን በክፍሉ ሁሉ ፊት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ይቅር በይኝ።