ስማዳን በአመድ መሣል

ካርታ እወዳለሁ። ወደማላውቀው አገር ከመሄዴ በፊት አስቀድሜ በወረቀት እጓዛለሁ። በ2010 ዓ.ም. የአንድ የጥናት ቡድን ማስታወሻ ያዥ ሆኜ ወደ ስማዳ ስወርድም ባለ 1፡50,000 ካርታ ጠቅልዬ ይዤ ነበር።

ሥራችን ነዋሪው የቀበሌውን ካርታ ራሱ እንዲሥል፣ እርከኑና የውሃ ሥራው የት ይሁን የሚለውም በዚያው ላይ እንዲወሰን ማገዝ ነበር። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጋይንትና ስማዳ ይህን መሰል ስብሰባ ለምደውታል። ጥያቄው «በምን ዘዴ ይሣል?» የሚለው ነው። እኛን ወገዳ ላይ ሲያከራክረን ያመሸውም ይኸው ነበር።

በማግስቱ መጀመሪያ የእኔ ካርታ ተዘረጋ። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት አዩት፤ ዝምም አሉ። ዝምታቸው የገባኝ በኋላ ሳሰላው ነው። በዚያ ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ቃዳ መሬት፣ ማለትም የሄክታር ሩብ፣ ጎኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የሰውየው ኑሮ በእርሳስ ጫፍ ይሸፈናል! ገደሉማ አይነሣ። ከጉና ትከሻ ጀምሮ እስቴን፣ ጋይንትንና ስማዳን ይዞ ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ የሚወርደው አገር በወረቀት ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንደሮችን የግማሽ ቀን መንገድ ያራርቃቸዋል።

ሜትርና ጂፒኤስ የያዘው ባልደረባችን የባሰ ገጠመው። «ለምን ትለኩታላችሁ?» ተባለ። አይፈረድባቸውም። ቀላድ የሚለው ቃል የቆየ ቁስል አለው፤ ከዐባይ ማዶ ያለው ጎጃም በ1960 ዓ.ም. ያመፀው በግብርና በመሬት ልኬታ ሳቢያ ነው። በክልሉ በ1989 ዓ.ም. በተደረገው ድልድልም መሬቱ የተቀነሰበት ብዙ ነው። ኋላ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የመጀመሪያው የይዞታ ደብተር እንኳ ካርታ አልነበረውም፤ የተዋሳኞች ስም ነበር የሚጻፍበት።

ስለዚህ አመድ አሸነፈ። አመድ ለመንገድ፣ ጠጠር ለቤት፣ ቅጠል ለደን። ከገበሬው ጋር ሆኖ አገሩን የማጥናት ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከአንድ የለንደን ተቋም ጋር በ1981 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሞክሮታል። ሊቀመንበሩ በትሩን ያዘና መንገዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ምንጩን፣ (የራሱን ማሳም አልረሳም) መሬት ላይ ሠራ። ሰዉም አጨበጨበ።

ሮበርት ቻምበርስ የተባሉት እንግሊዛዊ ምሁር ባለሙያው በትሩን ለባላገሩ ያስረክብ ሲሉ ኖረዋል። ለየትኛው ባላገር? አንዲት እናት እንስራቸውን አስቀምጠው ከዳር ቆመዋል።

«እማማ፣ እርስዎስ ይሞክሩ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ!» አሉና በትሩን ተቀበሉ። ከዚያ አንዱን ምንጭ ሦስት አደረጉት። «ይኸኛው በመጋቢት ይደርቃል። ያኛውን ከብት ያደፈርሰዋል። ይኸ ታችኛው አይደርቅም፤ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ካልተነሡ ወረፋ አይደርስም።»

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የራሱን ጠጠር አነሣ።

በማግስቱ ከደጋው እስከ ቆላው በእግራችን ወርደን አየነው። ሦስቱም ምንጮች እሳቸው ባሉበት ቦታ ነበሩ።

ለእንዲህ ያለ አገር ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርቦ ተራራና ገደሉን የሚያሳየው ቅርጽ ሳይሻል አይቀርም። ቀናት ይፈጃል፤ ገንዘብም አዳራሽም ይፈልጋል፤ እኛ ሦስቱም አልነበሩንም። ትልቁ ጥቅሙ ግን እንግዳ ሰው ጠቅልሎ ሊወስደው አለመቻሉ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። አመዱ መበተን ሲጀምር ተሯሩጠን ትልቅ ወረቀት ላይ ገለበጥነው፤ ፎቶግራፍም አነሣን። እኒያው እናት ወረቀቱ ሲጠቀለል አይተው «ልትወስዱት ነው?» አሉ።

«ግልባጩን እንልካለን» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ።

ያ ወረቀት ዛሬም አዲስ አበባ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ እንደተጠቀለለ አለ። ሦስቱ ምንጮች በሰማያዊ ብዕር ተሠርተውበታል።