ነሐስና ብር በአንድ ቤት

አዲስ ቤት የሚያደራጅ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያጋጥመዋል። ይኸውም በቤት ውስጥ ያለው ብረታ ብረት ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ሊኖረው ይገባልን? ወይስ ነሐሱ ከብሩ፣ መዳቡ ከብረቱ ጋር አብሮ ቢቀመጥ ነውር የለበትም? የሚል ነው። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ዕቃ ከቤት እየወጣ በርካሽ ዋጋ ሲሸጥ ላየ ሰው፣ ጉዳዩ የጌጥ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ስለዚህ በቤታችን ያየነውንና የሠራንበትን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል መልካም መስሎ ታይቶናል።

እኛ ከአሮጌው የጭቃ ቤታችን ወጥተን ወደ ኮንዶሚኒየም በገባን ጊዜ ይኸው ክርክር ተነሥቶ ነበር። አዲሱ ቤት የራሱን ብረታ ብረት ይዞ ጠበቀን፤ የመስኮቱ ክፈፍ አሉሚኒየም፣ የወጥ ቤቱና የመታጠቢያው ቧንቧ በክሮም የተለበጠ፣ የበሩ እጀታ ደግሞ ወርቅማ ነበረ። እኛም በበኩላችን ሰፊውን የነሐስ ትሪ፣ ለእንግዳ እጅ ማስታጠቢያ የሚሆነውን የመዳብ ማንቆርቆሪያ፣ የብረት አልጋውንና በብር ክፈፍ ያለውን ሥዕል ይዘን ገባን። ልጆቻችን ይህን ሁሉ አይተው፣ «ቤቱ የዕቃ መሸጫ ሱቅ መሰለ፤ ሁሉም ብርማ ይሁንና ትሪውና ማንቆርቆሪያው ይሸጥ» አሉ። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አያታቸው ግን፣ «እናንተ ልጆች፣ መልካችሁ አንድ ስላልሆነ ከእናንተስ ማን ይውጣ?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን በሳቅ ብቻ አላለቀም፤ ለትሪው የሚስማማ ስፍራ መፈለግ ነበረብን።

ልዩ ልዩ ብረትን በአንድ ማደሪያ ማስተባበር አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ስለ ደብተራ ኦሪት የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ወርቅን፣ ብርንና ነሐስን በአንድነት ያገኛቸዋል። 48ቱ ሳንቃዎች በወርቅ የተለበጡ ሲሆኑ የቆሙት ግን በብር እግሮች ላይ ነበረ፤ ለየሳንቃው 2 እግር ሆኖ 96፣ ለመጋረጃው ምሰሶዎች 4፣ በጠቅላላው 100 የብር እግሮች ነበሩ። በውጭ፣ በአደባባዩ ዙሪያ የቆሙት ምሰሶዎች ደግሞ እግራቸው ነሐስ፣ ኩላባቸው ብር ነበረ። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያስብለው የድንኳኑ ደጃፍ ነው። በዚያ የቆሙት 5 ምሰሶዎች በወርቅ ተለብጠው እግራቸው የነሐስ ነበረ። እንግዲህ የውስጡ ወርቅና የውጩ ነሐስ የተገናኙት በመግቢያው ላይ ነው ማለት ነው። ብረቶቹ ብዙዎች ሲሆኑ ያልተዘበራረቁት እያንዳንዱ የራሱ ስፍራና ማዕርግ ስላለው ነው። ዛሬም በማኅሌት የሚቆሙትን አገልጋዮች ብንመለከት፣ የአንዱ መቋሚያ ራሱ ነሐስ፣ የሌላው ብር ሆኖ እናያለን፤ ሥርዓቱ አንድ ስለሆነ ግን ማንም ዝብርቅርቅ ነው አይለውም።

ለቤታችንም የበጀን ይኸው ማዕርግን የመለየት ሥርዓት ነው። በመጀመሪያ፣ በየክፍሉ ዋና የሚሆነውን አንድ መልክ መረጥን። ይህንንም የሚወስነው የማይነቀለው ነገር ነው። በሳሎናችን መስኮቱ አሉሚኒየም ስለሆነ ብርማው መልክ ዋና ሆነ፤ የብር ክፈፍ ያለው ሥዕልም ከዚያው ወገን ተቈጠረ። ሁለተኛ፣ ረዳት የሚሆነው ብረት በአንድ ስፍራ ብቻ ብቅ ብሎ እንዳይቀር አደረግን። ብቻውን የቀረ ዕቃ የተረሳ ይመስላል፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ የታየ ግን ታስቦበት የተቀመጠ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ የነሐሱን ትሪ በረከቦቱ አጠገብ በግድግዳው ላይ ሰቀልነው፤ በትይዩው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ሁለት የነሐስ መቅረዞች አኖርን። ሦስተኛ፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ዓይነት መልክ በላይ እንዳይበዛ ወሰንን። መዳቡ ማንቆርቆሪያ ሦስተኛ ሆኖ በምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። ጥቁሩ ብረት አልጋ ከሁሉ ጋር የሚስማማ ስለሆነ በመኝታ ቤት ምንም አላስቸገረንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ዓይንን የሚያውከው ብርና ነሐስ መገናኘታቸው አይደለም፤ የሚያውከው ለጥቂት የሚለያዩ ሁለት ቢጫዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ብርና ነሐስ ልዩነታቸው ግልጽ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። የፋብሪካው ወርቅማ እጀታና የቆየው የነሐስ ትሪ ግን ለማመሳሰል ተሞክሮ ያልተሳካ ስለሚመስሉ፣ እኛ ሁለቱን አራራቅናቸው። እንዲሁም የሚያብረቀርቅ ዕቃ ሲበዛ ቤቱ ዓይን ያደክማል፤ በመካከሉ ደብዘዝ ያለ ዕቃ ማስገባት ያሳርፋል።

የውጩን መልክ ከውስጡ መለየትም ያስፈልጋል። ነሐስ የምንለው ቢጫው ዕቃ ብዙውን ጊዜ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚወጣ ነው፤ እስከ ውስጡ ድረስ አንድ ስለሆነ ቢወለወል አያልቅም። በቧንቧ ላይ የምናየው የክሮም ልባጥ ግን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። «የጀርመን ብር» የሚባለውም መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የለበትም። በአንጻሩ በብዙ ቤተሰብ የሚገኘው የቆየ የአንገት መስቀልና ጌጥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አንጥረኛ አቅልጦ የሠራው ሊሆን ይችላል። ያ ገንዘብ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን ከሺህ እጅ 833ቱ እጅ ንጹሕ ብር ነበረ። እንዲህ ያለውን ሸጦ ልባጥ መግዛት፣ አበው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንዳሉት ነው።

አያያዛቸውም እንደ ጠባያቸው ይለያያል። ያልተቀባ ነሐስና መዳብ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ወዲያው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በደረቅ ጨርቅ ቢወለወል ብርሃኑ ይመለሳል። ብር በአየር ውስጥ ባለው ድኝ ምክንያት ይጠቁራል፤ ለእርሱ ለስላሳ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃዋል። የተለበጠን ዕቃ ግን በአሸዋ፣ በአመድ ወይም በሎሚ ማሸት ልባጡን መግፈፍ ነው፤ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ማጽዳት ይበቃል።

ብረቶችን ማገናኘት በእርግጥ የሚጎዳበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም ውኃ ያለበት ነው። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ተነካክተው ሲርሱ አንደኛው ሌላውን ያስበላዋል። በኒው ዮርክ የሚገኘው የነፃነት ሐውልት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1886 ሲመረቅ ልብሱ መዳብ፣ አጥንቱ ብረት ነበረ። በመካከላቸው የተደረገው መለያ ባረጀ ጊዜ ብረቱ ዝጎ ስለ ተበላ፣ ከ1984 እስከ 1986 በተደረገው እድሳት በማይዝግ ብረት ተለወጠ። ስለዚህ የዚንክ ቅብ ያለውን የብረት ቧንቧ ከመዳብ ቧንቧ ጋር በቀጥታ የሚያጋጥም ሠራተኛ ሲመጣ፣ በመካከሉ መለያ እንዲያደርግ መንገር ተገቢ ነው። በግድግዳና በመደርደሪያ ላይ ግን ተራርቀው የሚቀመጡ ዕቃዎች እርስ በርሳቸው አይጎዳዱም።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ እያንዳንዱ ቤት በአንድ ቀን ተገዝቶ አልተሞላም። አንዱ ዕቃ በጋብቻ፣ አንዱ በውርስ፣ አንዱም በላብ የተገኘ ነውና መልኩ ቢለያይ አያስደንቅም። ስለዚህ የቆየውን ነሐስ «ከአዲሱ ጋር አይሄድም» ብላችሁ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አጽዱት፤ ስፍራውን ለውጡለት፤ ጓደኛ የሚሆነው ሌላ ነሐስ አጠገቡ አኑሩለት፤ ከዚያም ጥቂት ሳምንት ታገሡ። ገዢ ከወር በኋላም ይገኛል፤ የተሸጠው የአያት ዕቃ ግን ተመልሶ አይገኝም።