የሁለት ማርክ ዕዳ

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የቆየ ዕዳ ልከፍል ነው የመጣሁት።

ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት አንድ ልጅ ኢንቦክስ አደረገልኝ። ልጅ ልበለው እንጂ አሁን የልጅ አባት ነው። «ቲቸር፣ ልጄን እንግሊዝኛ እያስጠናኋት ነው። ኮማዋ እዚህ ጋ ለምን ትገባለች ብላ ያዘችኝ፤ ምን ልበላት?» ይላል። መልእክቱን ሳይ ክው አልኩ።

ያኔ ስለ ትምህርት ቤት በዓል ድርሰት ጻፉ ብዬ፣ ይሄ ልጅ «አፍተር ኢቲንግ ዘ ስቱደንትስ ዌንት ሆም» ብሎ ጻፈ። ተማሪዎቹ ከበሉ በኋላ ወደ ቤት ሄዱ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ አነበብኩና «ተማሪዎቹን ከበሉ በኋላ! ማነው ተማሪ የበላው? ጅብ ነው እንዴ?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። በቀይ እስክሪብቶ ኮማ ጨምሬ ሁለት ማርክ ቀነስኩበት። ለምን እንደሆነ አላስረዳሁትም። ቢጠይቀኝም ኖሮ «ትንፋሽ የምትወስድበት ላይ ኮማ አድርግ» ነበር የምለው። እኔም የተማርኩት እንደዛው ነው።

ነገሩ ግን የትንፋሽ አይደለም። አማርኛችንን እዩት፦ «ከበሉ በኋላ»፣ «ሲመጣ»፣ «ስለደከመኝ»። ግሱ የሐረጉ መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ መግቢያው የት እንዳለቀ ጆሯችን ያውቀዋል። ነጠላ ሰረዝ ብንረሳ እንኳ ብዙም አንሳሳትም። እንግሊዝኛ ላይ ግን «አፍተር»፣ «ዌን»፣ «ኢፍ» ፊት ላይ ቆመው በሩን ይከፍታሉ፤ ከኋላ የሚዘጋ ቃል የለም። በሩን የምትዘጋው ያቺ ኮማ ናት። ከ«ኢቲንግ» ቀጥላ ብትገባ ኖሮ ማንም ተማሪ አይበላም ነበር!

ስለዚህ ልጁ ሰነፍ አልነበረም። በአማርኛ አስቦ ነው የጻፈው፤ በአማርኛ ደግሞ በሩ ተዘግቷል።

ያኔ ልነግራችሁ ይገባ የነበረው ይሄው፦ በእነዚህ ቃላት ከጀመራችሁ፣ ዋናው ሐሳብ ከመጀመሩ በፊት ኮማ አድርጉ። ገልብጣችሁ «ዘ ስቱደንትስ ዌንት ሆም አፍተር ኢቲንግ» ካላችሁ ግን አያስፈልግም፤ «አፍተር» ራሱ መሃል ገብቶ ይለያቸዋል። «ሃውኤቨር» «ይሁን እንጂ» ለማለት ፊት ላይ ሲመጣ ኮማ ይከተለዋል። «ኢን 2010» ዓይነት አጭር ሐረግ ከሆነ ብዙዎች ይተዉታል፤ ስህተት አይባልም። አንባቢ የሚደናገር ከመሰላችሁ ግን አትተዉት።

ይሄንን ሁሉ ጻፍኩለት። መጨረሻ ላይ «ስለዚያ ቀን ይቅርታ» ብዬ ጨመርኩ። «አይ ቲቸር፣ እኔ እኮ ረስቼው ነበር» አለኝ።

የረሳው አይመስለኝም። እኔም አልረሳሁትም። ሌሎቻችሁም በቀይ እስክሪብቶዬ የቀረ ዕዳ ካለኝ፣ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። አሁን አስረዳለሁ፤ አልስቅም።