የመቀሌ ሜዳና የፓሳዴና ጽጌረዳ

መቀሌን ማየት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ወደ እንዳየሱስ ኮረብታ ይውጣ ይላሉ። እኔም በ2017 ዓ.ም. የገናን ዕረፍት ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጋር ለማሳለፍ ወደዚያ በተጓዝሁ ጊዜ ይህንኑ ምክር ተቀበልሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በወልድያ፣ በአላማጣና በማይጨው የሚያልፈው መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ኮረብታውን ስወጣ ወገቤ ገና ከመኪናው ወንበር አልተላቀቀም ነበር።

እንዳየሱስ ታሪክ ያለው ስፍራ ነው። ኢጣሊያኖች በ1888 ዓ.ም. መሽገውበት ሳለ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃ ምንጫቸው ተይዞባቸው በጥም የለቀቁት ምሽግ ይኸው ነው። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ የሚገኘው በዚሁ አምባ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከቱ፣ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቤተ መንግሥት፣ በራሱ ላይ ሉል የተሸከመው ረጅሙ የሰማዕታት ሐውልት፣ የድንጋይ ቤቶችና አዳዲስ ፎቆች ሁሉ ባንድነት ይታያሉ። ከተማዪቱም በሰፊ ገበቴ ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች።

ይህን «ገበቴ» የሚል ቃል ለጓደኛዬ ብነግረው ሳቀ። እርሱም እንደ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ቤቱም ሰሜን በሚባለው ክፍለ ከተማ ይገኛል። «አሜሪካኖች እኮ የኳስ ጨዋታቸውን ራሱን ገበቴ ብለውታል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ምክንያት ያ ንግግር ነው።

በአሜሪካ አገር እግር ኳስ የሚሉት ጨዋታ ከእኛው የተለየ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል የሞላለ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይያዛል፤ ከየወገኑ ዐሥራ አንድ ሰዎች ይገጥማሉ፤ ኳሱን የያዘውም ወገን በአራት ሙከራ ዐሥር ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ከሁሉ የሚገርመው ግን ታላላቆቹ ቡድኖች የነጋዴ ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸው ቡድን አላቸው። የዓመቱ ተራ ውድድር ካለቀ በኋላ የተመረጡት ቡድኖች በፈረንጆች አዲስ ዓመት አካባቢ በእንግድነት ተጠርተው በሩቅ ከተማ ይጋጠማሉ። ይህም ጨዋታ «ቦውል» ይባላል፤ ትርጓሜው ገበቴ ወይም ጎድጓዳ ሳህን ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከሜዳዎቹ ቅርጽ ነው።

የሁሉም ታላቅ በካሊፎርኒያ በፓሳዴና ከተማ የሚደረገው የጽጌረዳ ቦውል ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታንፎርድን 49 ለ 0 ስላሸነፈው፣ አዘጋጆቹ ለብዙ ዓመት ኳሱን ትተው ሠረገላ ማሽቀዳደም ጀመሩ፤ ጨዋታው የተመለሰው በ1916 ነው። ዛሬ የሚታወቀው ስታዲየም በ1922 ተሠራ። በዕለቱ በአበባ ያጌጡ ሠረገላዎች በከተማው ይዞራሉ፤ ሆቴሉ፣ ሻጩና ለዋጩም ዓመቱን ሙሉ ያን ቀን ይጠባበቃሉ።

ወደ መቀሌ ልመለስ። እዚያ ገናን «ልደት» ይሉታል። በበዓሉ ዋዜማ በጓደኛዬ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ፣ ከእርሱ ክፍል ዘጠነኛ የሚማር አንድ የጎረቤት ልጅ መጣ። ዕድሜው 17 ነው። በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ትምህርት ቤቶች ሦስት ዓመት ያህል ስለ ተዘጉ፣ ጢሙ ያቀመቀመ ዘጠነኛ ክፍል እዚያ ብርቅ አይደለም። የጓደኛዬ እናት፣ እኔም እንደ ቤቱ ልጆች «አደይ» የምላቸው፣ ጥሕሎ አቀረቡልን፤ የገብሱን ድብልብል በሹካ እንጨት እየወጋን ወጡ ውስጥ እየነከርን ስንበላ ጨዋታው ወደ ኳስ ዞረ።

ልጁ የመቀሌ 70 እንደርታን ታሪክ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ከእነርሱ በፊት ትራንስ ኢትዮጵያና ጉና ንግድ የሚባሉ የመቀሌ ቡድኖች እንደ ነበሩ ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. ግን የከተማው ቡድን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። አሠልጣኙ ገብረ መድኅን ኃይሌ ባለፈው ዓመት ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አድርገው የመጡ ሰው ነበሩ፤ አማኑኤል ገብረ ሚካኤልም የዓመቱ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ፋሲል ከነማና ሲዳማ ቡና እስከ መጨረሻው ተናንቀዋቸው ስለ ነበር ዋንጫው የማን እንደ ሆነ የተለየው በመጨረሻው ቀን ነው። እንግዲህ ለመቀሌ ያ ቀን የራሷ ቦውል ነበረ ማለት ይቻላል።

«ያን ዓመት አባቴ እጄን ይዞ ትግራይ ስታዲየም ይወስደኝ ነበር» አለ ልጁ። «ዋንጫው የገባ ሰሞን ደግሞ ጡሩንባ ሲነፋ አድሮ ማንም አልተኛም።» ስለ አባቱ ተጨማሪ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አደይ ሌላ ጥሕሎ ወደ እርሱ ገፋ አደረጉለት።

በ2012 ዓ.ም. ሊጉ በኮሮና ምክንያት ተቋረጠ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተጀመረ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም የትግራይ ሦስቱ ቡድኖች፣ መቀሌ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ፣ ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። ይሁንና ቡድኖች ሁሉ እንደ አዳማና ድሬዳዋ ባሉ ጥቂት ከተሞች ተሰብስበው የሚጫወቱበት ሥርዓት ስለ ነበረ፣ የመቀሌ ሰው ቡድኑን የሚያየው በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ ነበር።

በዚህ ጊዜ እኔ፣ የመምህርነት ልማድ ሆኖብኝ፣ አንድ ታሪክ አመጣሁ። ጃፓኖች በታኅሣሥ 1941 በፐርል ሐርበር ላይ አደጋ ከጣሉ በኋላ፣ ጠላት ከባሕር ይመጣል ተብሎ ስለ ተፈራ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ብዙ ሕዝብ እንዳይሰበሰብ ተከለከለ። የጽጌረዳው ጨዋታም ተሰዶ አህጉሩን አቋርጦ በኖርዝ ካሮላይና በደርሃም ከተማ፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ተደረገ። የኦሪገን ስቴት ልጆች ባለሜዳውን 20 ለ 16 አሸነፉ። ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹ ወዲያው ወደ ጦር ሜዳ ዘመቱ።

ልጁ ጥሕሎውን እንደ ያዘ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ «መምህር፣ ጨዋታው ወደ ሜዳው ተመለሰ ወይስ እዚያው ቀረ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በዓመቱ ፓሳዴና ገባ» አልሁት።

«በዓመቱ?» አለና ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ፤ «2013፣ 14፣ 15፣ 16፣ 17።» አንድ እጁ ሞላ። እጁን አየት አድርጎ ጭብጥ አደረገውና ወደ ኪሱ ከተተው። እኔ ለማጽናናት የተናገርሁት ታሪክ መልሶ እኔኑ አሳፈረኝ። የአሜሪካኖቹ ሜዳ አንድ ዓመት ባዶ ቢሆን፣ ከተማቸው አልተደበደበችም፤ ተማሪ ቤታቸውም አልተዘጋም። ምሳሌ ሲመስል የማይመሳሰል ነገር ብዙ ነው፤ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የምነግረው እኔው ነበርሁ።

አደይ ግን ነገሩን በሌላ በኩል አዩት። «ቡድኑ ከተመለሰ ሜዳው የት ይሄዳል? ሜዳ እግር የለውም፤ ተቀምጦ ይጠብቃል» አሉ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ፣ በሰሜን ክፍለ ከተማ ቤቶች መካከል ባለ ባዶ ቦታ ልጆች ተሰብስበው አየሁ። በእኛ አገር የገና ዕለት ሩር በዱላ ይመታል፤ ያን ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባላል። እነዚህ ግን በጨርቅ የተሠራ ኳስ ነበር የሚያንከባልሉት። ድንጋይ ግብ ሆኗል፤ ዳኛም አልነበረም። ያ የማታው ልጅ ከትንንሾቹ መካከል ቆሞ፣ አንዱን የሰባት ዓመት ያህል ሕፃን እጁን ይዞ የት መቆም እንዳለበት ያሳየው ነበር። ሕፃኑ ትግራይ ስታዲየም ሲሞላ አይቶ አያውቅም። ትልቁ ግን አይቷል፤ ስለዚህ ያስተምረዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ መቀሌ የሄድህ እንደ ሆነ ቤተ መንግሥቱንና የጨው ገበያውን ማየትህ አይቀርም። ጊዜ ካለህ ግን ወደ ስታዲየሙም ጎራ በል። ባዶ ሆኖ ብታገኘው አትዘን፤ አጠገብህ የሚያልፈውን ወጣት 2011ን ጠይቀው። ቁጭ ብለህ ለመስማት ግን ሰዓት ይኑርህ፤ ታሪኩን ባጭሩ የሚጨርስልህ ሰው አታገኝም።